ለቅሶ ስለቀረሁበት ዓመት

ሚያዝያ 5 ቀን 2013 ዓ.ም.
የካ አባዶ፣ አዲስ አበባ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ስኳርሽስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ ጉልበትሽን ስመዋል። ባለቤቴም ሰላም በልልኝ ብላለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ምን ላድርግ፣ ይሄን ነገር በስልክ በጀመርኩ ቁጥር "ተወው በቃ፣ ካርድህን አትጨርስ" ብለሽ ወሬ ትቀይሪያለሽ። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብሽ። የምታነብልሽ እህቴ ናት። መሃል ላይ "ይሄን ዝለዪው" ብትያት እንዳትሰማሽ አስጠንቅቄያታለሁ።

ነገሩ የጋሼ ለቅሶ ነው። አምና ግንቦት ላይ ወንድምሽ ሲያርፍ አለመምጣቴ ሆድሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ለእኔ ትንፍሽ ብለሽ አታውቂም። ለእህቴ ግን "አሜሪካ ነው እንዴ ያለው? ደብረ ብርሃን ራቀው?" ብለሻታል። እውነትሽን ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ያውም እኔ የምኖረው ከከተማው ጫፍ፣ ወደ አንቺ በሚያስወጣው መንገድ በኩል ነው። መንገዱ አልራቀኝም። ይሄን የምጽፈውም ይቅርታ ጠይቄ ልገላገል ብዬ አይደለም። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስም አልመጣም። ለምን እንደሆነ ግን ከእኔው አፍ ብትሰሚው ይሻላል፤ ዘመድ እንደሆነ የራሱን ጨማምሮበታል።

ኮሮና አገር ገባ ሲባል የሰማሁት መሪ ላይ ሆኜ ነው። አርብ ነበር፣ መጋቢት 4 ቀን 2012። ከጣፎ ሞልቼ ወደ መገናኛ ስወርድ ሬዲዮው ተናገረ። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ አንድ ጃፓናዊ በሽታው ተገኘበት አለ። መኪናው ውስጥ ሁሉም ዝም። ከዚያ ከኋላ ያለ አንድ ሰው መስኮት ከፈተ። የእኛን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ላብ በላብ ሆኖም "ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል" የሚል ነው። በዚያች ደቂቃ ግን ከፊት እስከ ኋላ ሁሉም መስኮት ተከፈተ። ንፋስን የሚያስንቅ ነገር እንደመጣ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት የሚቀመስ አልሆነም። ዝንጅብል፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ያልተሻሙበት የለም። ዋጋ ያናሩ ሱቆች ታሸጉ። አንቺ በሰው የላክሽልን ፌጦ የደረሰን ያን ሰሞን ነው። ባለቤቴ በማር ለውሳ አበላችን። ጎረቤቱ ሁሉ ወሬው ደርሶት "ትንሽ የለሽም?" እያለ ሲያንኳኳ ዋለ። ኮሮናን መከልከሉን እንጃ፣ ወዳጅ ግን አፍርቶልናል።

ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ቀረ። እጅ መጨባበጥም ቀረ። ታክሲ በግማሽ ይጫን ተባለ፣ ታሪፉም እጥፍ ገባ።

የእኔን ሥራ የነካው ይሄ የመጨረሻው ነው። አሥራ ሁለት ሰው የምጭነው ሰውዬ ስድስት ጫንኩ። ሂሳቡ እጥፍ ስለሆነ ያው ነው ይባላል፣ ወረቀት ላይ። ያው አልነበረም። ተማሪው ቤቱ ነው። የቢሮ ሠራተኛው ብዙው ቤቱ ነው። እጥፉን መክፈል ያቃተው ደግሞ በእግሩ ነው። ጠዋት ጠዋት ከካራ ወደ ኮተቤ በአስፓልቱ ዳር የሚወርደውን ሰው ብታዪው! ልብስ አጣቢዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የሌሊት ተረኛ ጥበቃው፣ ሁሉም ምሳውን በፌስታል አንጠልጥሎ ይነጉዳል። ቴሌቪዥኑ "ቤታችሁ ቆዩ" ይላል። ቤቱ የቆየው ደመወዙ ባለበት የሚገባለት ነው። የዛሬን እንጀራ ዛሬ ሠርቶ ለሚበላ ሰው ርቀት መጠበቅም ገንዘብ ይጠይቃል። ይሄን በታክሲ መስታወት በየቀኑ ስላየሁት ነው የምልሽ።

ሰባተኛ ሰው ከጫንኩ ቅጣት አለ። ግን "ጎንበስ እላለሁ፣ አያዩኝም" የሚል መች ይጠፋል። አንድ ቀን ላምበረት ጋ አንድ ከሲታ አባት በሩን ይዘው አልለቅም አሉ። ረዳቴ "አባባ፣ ግማሽ ነው የምንጭነው" አላቸው። "ታዲያ እኔን አታየኝም? ግማሽ ነኝ እኮ" አሉት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ገቡ። እግዜር ይስጠው፣ ያን ቀን ትራፊኩ ወደ ሌላ ነበር የሚያየው።

ረዳቴ በአንድ እጁ ብር፣ በሌላው አልኮል የሞላባት መርጫ ይዞ ነበር የሚሠራው። ሰው ሲገባ "እጅ!" ይላል፣ ይረጫል። አንዳንዱ ተሳፋሪ "ብሩንም እርጭልኝ" ይለዋል። እርጥብ ብር እየቆጠርን ነው ያን ክረምት ያለፍነው። ማስክ ደግሞ አገጭ ላይ ነው ቤቱ። "ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!" ሲል ሁሉም ወደ አፍንጫው ይስባል። ትራፊኩን ስናልፍ ተመልሶ ይወርዳል። ኮሮናን ደብተር ይዞ የሚቀጣ አስመስለውት ነበር።

የመኪናው ባለንብረት የቀን ገቢውን ቀንሶልኛል፣ እሱን አመሰግነዋለሁ። ብዙ ጓደኞቼ መኪና አስረክበው ተቀምጠዋል።

ወደ ቤት ልምጣልሽ። እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃውንም ዘሎት የሚያልፍበት ሳምንት አለ። "እጃችሁን በሳሙና ቶሎ ቶሎ ታጠቡ" ሲባል ባለቤቴ ጀሪካኖቹን ቆጥራ ሳቀች። በየብሎኩ መግቢያ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል ተቀመጠ። መጀመሪያ ሳሙናው ጠፋ፣ ከዚያ ውሃው፣ በመጨረሻ በርሜሉ። አንድ ጎረቤታችን "ቢያንስ ኮሮናው ቀረልን" ብሎ አሳቀን።

ባለቤቴ ከብሎኩ ሥር የምትሸጣትን የጀበና ቡና አቆመች። ሰው በርጩማ ላይ ተጠጋግቶ እንዴት ይቀመጥ። እንጀራ መጋገር ጀመረች፣ እስካሁንም በሱ ነው የምንደጎመው። የጎረቤት ቡና ግን አልቀረም። እንዴት ይቀራል? ሴቶቹ ዘዴ አመጡ። ደረጃው ላይ ነው የሚጠጡት። አንዷ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ሌላዋ አራት ደረጃ ዝቅ ብላ፣ ሌላዋ ከመታጠፊያው፣ እያንዳንዷ የራሷን ሲኒ ከቤቷ ይዛ። ጀበናው ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ይውላል። ሐሜት በሹክሹክታ መሆኑ ቀረ። ከአራተኛ ፎቅ የተባለው ሁሉ መሬት ድረስ ይሰማል።

ልጆቹ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተማሩ ተባለ። ቤት ውስጥ ያለው ደህና ስልክ አንድ፣ እሱም የእኔ። ቀን ከእኔ ጋር ታክሲ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትልቋ ልጅሽ (የልጅ ልጅ እያልኩ አላርቃትም) ማታ ስገባ ነበር ትምህርት የምትጀምረው። እኔ እጄን ታጥቤ፣ ልብሴን በር ላይ አውልቄ፣ ሳልስማት ስልኩን እሰጣታለሁ። አስተማሪዋ ጠዋት የላኩትን ከሦስት ሰዓት በኋላ ተቀምጣ ትገለብጣለች። እያንቀላፋች። ሰኔ መጨረሻ ላይ አገሩ ሲታመስ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ፣ እሱም ቀረ። ኋላ ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል ተዛውረዋል ተባለ። እሷ ደስ አላት፣ እኔ አላለኝም። ክፍልፋይ የሚባለውን ነገር እስካሁን እየተንገዳገደችበት ነው።

አከራያችንን አታውቂያትም። ቤይሩት ሰው ቤት ስትሠራ የቆየች ልጅ ናት። ኮንዶሚኒየሙ በዕጣ ደርሷት በላብዋ ነው ስትከፍል የኖረችው። አምና ሊባኖስ ገንዘቡም ኑሮውም ተናጋ፣ ኮሮና ተጨመረ። አሠሪዎቹ ደመወዝ መክፈል አቃታቸው። ሰኔ አካባቢ ሠራተኞቻቸውን እያመጡ በቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ በቴሌቪዥን አይተሽ "የእናት ልጆች" ብለሽ ማልቀስሽ ትዝ ይለኛል። እሷም እንዲሁ ከሥራ ወጣች። አዋጁ ተከራይ ማስወጣትና ኪራይ መጨመር ከልክሎ ነበር። ብዙ ሰው አከራይን ሁሉ ባለጸጋ ያደርገዋል። የእኛዋ አከራይ ግን ከእኛ የምታገኛትን ኪራይ ነበር ቤይሩት ሆና የምትበላው። አንድም ወር አላጎደልንባትም፣ እንዴት እንደሆነ እኔና ባለቤቴ እናውቃለን።

ኋላ ተሳክቶላት መጣች፣ ለይቶ ማቆያ ቆይታ በአንዲት ሻንጣ በራችን ላይ ቆመች። "ውጡ" ለማለት አፏ አልታዘዘላትም። እኛም ዝም ብለን ለመኖር አላስቻለንም። አሁን አንዱን መኝታ ክፍል እሷ ይዛለች፣ በሌላው እኛ አራታችን ነን። ከባለቤቴ ጋር እንጀራውን አብራ ትጋግራለች። ስትመጪ "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" እንዳትይ ነው የማስረዳሽ። የቤቱ ባለቤት እሷ ናት፣ እንግዶቹ እኛ።

አሁን ወደ ለቅሶው ልመለስ።

ጋሼ ባረፈ በሳምንታት ውስጥ፣ ሰኔ ላይ፣ ከጎናችን ብሎክ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። የታመሙት በሌላ ነው፣ የቆየ የልብ ሕመም ነበረባቸው። ግን ያን ጊዜ ከአስከሬንም ናሙና ይወሰድ ነበር። ውጤት እስኪመጣ ቤተሰቡ ቁጭ። መቅበር የለ፣ ማልቀስ የለ። ደግነቱ ነጻ ተባለ። ቢሆንም ድንኳን አልተተከለም። የእድሩ ሊቀመንበር ማስኩን አድርጎ መግቢያው ላይ ቆሞ "ከዚህ በላይ አትጠጉ፣ ስማችሁ ተመዝግቧል" ይላል። ለቅሶ ደራሽ ስሙን ተመዝግቦ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ? ንፍሮ የለ፣ እዝን የለ፣ ሦስት ቀን አብሮ የሚያድር የለ።

አስከሬኑ ሲወጣ ሴቶቹ በየበረንዳቸው ቆሙ። ከመሬት እስከ አራተኛ ፎቅ። አንዷ ጀመረች፣ ሌላዋ ከማዶ ብሎክ ተቀበለቻት። ሟችን በስሙ እየጠሩ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ እያንዳንዷ በየራሷ ብረት ላይ ተደግፋ። ልጃቸው መሃል ሜዳው ላይ ብቻዋን ቆማ ወደ ላይ ታያለች። የሚይዛት ሰው የለም። እኔ መኪናው አጠገብ ነበርኩ። ያን ጊዜ የታሰብሽኝ አንቺ ነሽ። ጋሼን ስትቀብሪ ማን ይዞሽ ነበር? እህቴ "እኔ ይዣታለሁ" አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

የቀረሁበት ምክንያት ይሄውልሽ። ጋሼ አረፈ የሚለው ስልክ የመጣው ጠዋት፣ ላምበረት ስደርስ ነው። ወደ አንቺ የሚመጣው አውቶቡስ ከዚያው መናኸሪያ ነው የሚነሳው፣ ታውቂዋለሽ። እሱም በግማሽ ይጭን ነበር፣ ዋጋውም እጥፍ ነበር፣ ግን የገንዘብ ነገር አይደለም። ተበድሬም እመጣ ነበር። መኪናውን ዳር አስይዤ አሰብኩ። በዚያ ሳምንት አጠገቤ ጋቢና ተቀምጦ ያልሳለ የለም። አንዷ ነርስ ነኝ ብላኛለች፣ የኮሮና ሕሙማን በሚታከሙበት በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መስመር የምትመላለስ። አንዱ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ነበር የሚሄደው። ሲወርድ ነው የነገረኝ። እኔ በሽታው ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላውቅም። ምርመራ እንደዛሬው እንደልብ አልነበረም።

አንቺ ሰባን አልፈሻል። ግፊት አለብሽ፣ ስኳር አለብሽ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሁሉም እንዳንቺ ሽማግሌ ነው። ለቅሶ መጥቼ ከበር "ወንድሜን!" ብለሽ አንገቴ ላይ ስትጠመጠሚ ዞር በይ ልልሽ ነው? አልልሽም። አንቺም ብልሽ አትሰሚኝም። እማዬ፣ ከቤተሰቡ ሁሉ መፈራት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰው ኮሮናን ፈርቶ ቀረ ብሎ አምቶኛል። ለራሴማ ብፈራ በየቀኑ መሪ ላይ ምን እሠራ ነበር?

ለእድሩ ብር ላክሁ፣ ለእህቴም ለቀብሩ ወጪ ላክሁ። ያን ቀን እስከ ማታ ሠራሁ። ተሳፋሪው አላወቀም፣ ማስኩ ለዚያ ለዚያ ጥሩ ነው።

አንቺ ራስሽ ያሳደግሽን እኮ በዚህ ወሬ ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ ስናቃጥል ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን "ለምንድን ነው?" ብንልሽ የአያትሽን ታሪክ ትነግሪን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሲገባ አዲስ አበባ ቀባሪ ጠፍቶ፣ ቤት ለቤት ሰው ተረስቶ ቀርቶ፣ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ተርፈው። ያ በሽታ ያኔ ዓለምን ሁሉ የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ነው። "ያን ጊዜ ለቅሶ የደረሰ ለራሱም ለቅሶ አስቀመጠ" ትይን ነበር። ታዲያ የነገርሽኝን ብሰማሽ ምን አጠፋሁ?

አሁን ደግሞ ሌላ ጸብ ላስነሳ ነው። ክትባቱ።

የካቲት 28 ቀን 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ የሚባለው ክትባት፣ ለድሃ አገሮች ክትባት በሚያከፋፍለው በኮቫክስ በኩል ገባ። መጋቢት 4 ቀን እዚሁ ኤካ ኮተቤ መስጠት ተጀመረ፣ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያዎች ነው፣ ከዚያ ለእናንተ ለአረጋውያን። እኔ ገና ነኝ። ቀን ሙሉ የሰው ትንፋሽ ውስጥ የምውለው ሰውዬ ወረፋ እጠብቃለሁ፣ አንቺ ተፈቅዶልሽ "አልፈልግም" ትያለሽ። እህቴ ነግራኛለች።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሴቶቹ "ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት ነው" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እሱን አልመልስልሽም፣ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። "ደም ያረጋል" የሚለው ግን ዝም ብሎ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። በጣም በጥቂት ሰዎች ላይ ስለታየ አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች አቁመውት ነበር፣ ብዙዎቹ መልሰው ቀጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል ብሏል። ኮሮናው በበኩሉ አልሄደም። እስካሁን ከ200 ሺህ በላይ ሰው በምርመራ ተገኝቶበታል። ሰሞኑን ደግሞ ብሶበታል፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ ጠፋ እየተባለ ነው። ሰው ግን ሰልችቶታል። አምና የጤና ሚኒስትሯን የዶክተር ሊያን የዕለት መግለጫ ሳይሰማ የማይተኛው ሰፈር ዛሬ ቁጥሩ ሲነበብ ቻናል ይቀይራል። ታክሲው ውስጥም መስኮቱ ተዘግቷል።

ስለዚህ መታወቂያሽንና የመድኃኒት ካርድሽን ያዢና ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ። ሁለት ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ በመሃል ሳምንታት አሉት። ስኳርና ግፊት እንዳለብሽ ንገሪያቸው፣ እንዳትደብቂ። ጠዋት መድኃኒትሽን ሳትውጪ እንዳትሄጂ።

ለፋሲካ አልመጣም። በዓል ላይ አውቶቡሱ እንዴት እንደሚታጨቅ ታውቂያለሽ፣ ለእኔም የሥራ ሰሞን ነው። ለጋሼ ሙት ዓመት ግን ግንቦት ላይ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ዓርባው በቄስና በጥቂት ሰው ነው ያለፈው፣ ይሄኛው እንዲያ አይሁን። ግን ቤት ውስጥ አይሁን፣ ግቢው ይበቃናል። ሰፊ ነው፣ ወንበሩን ራቅ ራቅ አድርገን እንቀመጣለን። በጉን እኔ እገዛለሁ፣ ሰንዳፋ ከዚህ ይረክሳል ይላሉ። እንጀራውን ባለቤቴና አከራያችን ጋግረው ይዘን እንመጣለን፣ አንቺ ምድጃ ሥር እንዳትገቢ። ጠላውን ለእህቴ ተዪላት። ጌሾው ካነሰ በስልክ ንገሪኝ።

ቀኑን ከቄሱ ጋር ተነጋገሪና ቶሎ አሳውቂኝ። ቅዳሜ ቢሆን ይሻለኛል፣ ለባለንብረቱ ቀድሜ መንገር አለብኝ።

ልጅሽ